ለአባቴ ቸኮሌት ልውሰድለት ወይስ ከረሜላ?

መስከረም ሲቃረብ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ጠባዩ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ "ትታኝ ሄደች"፣ "ልመለስለት ወይስ ልተወው" ስትሉኝ ትከርሙና የመስቀል ሰሞን ግን ሁላችሁም ስለ ጓዝ ትጠይቁኛላችሁ። "ለእናቴ ምን ልግዛላት?"፣ "የእጮኛዬ ቤተሰቦች ጋ ባዶ እጄን ልግባ?"፣ "አክስቴ ከውጭ የላከችው ጣፋጭ ነጭ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፣ ልጣለው?" ዛሬ ከነዚህ አንዱን መርጬ ገጹን በሙሉ ልሰጠው ነው። ለምን እንደ መረጥኩት ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

ደብዳቤውን የጻፈው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። "የአታቱ ልጅ" ብሎ ፈርሟል። ትንሽ አሳጥሬው እነሆ፦

"ሦስት ዓመት ሙሉ ለመስቀል አገሬ አልገባሁም። ዘንድሮ ግን እግዜር ፈቅዶ ልገባ ነው። አባቴ የስኳር በሽታ ይዞት በመርፌ ነው ያለው። እንደ ድሮው ስኳርና ቡና ይዤለት ብገባ 'አባቱን ሊገድል ነው' ይሉኛል፤ ባዶ እጄን ብገባ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ 'ስኳር የሌለው' የሚል ቸኮሌት አየሁ። ዋጋው ያስደነግጣል! ግን ለአባቴ አይበዛበትም። ልግዛለት? በዚያ ላይ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ሙስሊም ናት፤ እናቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን የማትፈታ ጾመኛ ናት። ለሁሉም የሚሆን ጣፋጭ ካለ ይምከሩኝ። ጓደኞቼ 'ቸኮሌት ቸኮሌት ነው፣ ምን ያካብድሃል' እያሉ ይስቁብኛል።"

ይሳቁ፣ ተዋቸው ወንድሜ! እኔም አንድ ጊዜ "ቸኮሌት ቸኮሌት ነው" ብዬ ለጥቂት ሰው አልገደልኩም። ያውም ካንተ ቀዬ ብዙም በማይርቅ ቦታ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ብዕር ከመያዜ በፊት ሱቅ በደረቴ ነበርኩ። አዎ፣ ያችው ካርቶኗን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ "ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ!" እያልኩ አውቶቡስ ተራን በእግሬ የለካሁ ነኝ። በሺህ የሚቆጠር ከረሜላ በእጄ አልፏል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ "ይህ ነገር ከምን ተሠራ?" ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አላየሁም። ነጋዴ የሚያየው ዋጋውን ነው፤ ልጅ የሚያየው ቀለሙን ነው። ከጀርባው የተጻፈችውን ያችን ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያያታል?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አታትን ለማታውቁት፦ ከአዲስ አበባ በወሊሶ አድርጋችሁ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ወልቂጤ ትገባላችሁ። ከዚያ በጉብሬ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ጥቂት ስትሄዱ አታት ናት። ስሟን በሩቅ ያስጠራው በ1969 እ.ኤ.አ. የሕክምና ሚስዮን እህቶች የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው "አታት ወሰዱት" ከተባለ ሰውየው ታሟል ማለት ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የሚኖሩት ከዚያው ወጣ ብሎ ባለ ጀፎረ ዳር ነው። ጀፎረ ማለት በጉራጌ መንደር መሀል የሚዘረጋው ሰፊ አረንጓዴ መንገድ ነው። ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የልጆች ጨዋታውም፣ የሽማግሌ ሸንጎውም እዚያው ነው። እኔ "ጋሼ" ነው የምላቸው። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አስታራቂ ናቸው። የስኳር በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ይወጋሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስቀል ስገባ እንዳንተው ተጨንቄ ተጠብቤ አንድ ዘንቢል ሙሉ ቸኮሌትና ከረሜላ ገዛሁ። ከረሜላው ለሕፃናቱ፣ ቸኮሌቱ ለትልልቆቹ። "ቸኮሌት የትልቅ ሰው ነው" የሚል አራዳ ነኝ ባይ አስተሳሰብ ነበረኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ዘንቢሉን ሞተሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወልቂጤ ስንደርስ ቸኮሌቱ ሾርባ ሆኗል! ማታ ቀዝቅዞ እንደገና ደረቀ፤ በማግስቱ ከፈትነው፤ ነጭ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "ሻግቷል ልጄ፣ ለሰው እንዳትሰጥ" አሉኝ። እንዴት አፈርኩ መሰላችሁ!

እግረ መንገዴን ለዚያች የአክስቷ ሻንጣ ላስጨነቃት አንባቢዬ ልመልስላት። ያ ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይደለም፤ የራሱ የቸኮሌቱ ስብ ነው። ካካዎ የሚባለው ፍሬ ሲቆላና ሲፈጭ ሊጥ የሚመስል ነገር ይወጣዋል። የፍሬው ግማሽ ያህል ስብ ነው፤ እሱን ነው የካካዎ ቅቤ የሚሉት። ይህ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የሰው ገላ 37 ነው። ቸኮሌት እጅ ላይ ጠጣር ሆኖ አፍ ውስጥ ሲገባ ውሃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀት አቅልጦት ተመልሶ ሲረጋ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ይነጣል። መልኩ ይበላሻል እንጂ ሰው አይጎዳም። ሽታው ከተለወጠ፣ ነቀዝ ከገባበት ወይም ጊዜው ካለፈ ግን የኔን ስም ሳትጠሪ ጣዪው።

አሁን ወደዚያ ቀን። እርድ ነበር። የጎመን ክትፎው ቀን አልፎ ሰንጋው የሚጣልበት፣ ዘመድ ከአዲስ አበባውም ከቡታጅራውም ከእምድብሩም ተጠራርቶ የሚሰበሰብበት ቀን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ማለዳ ተነስተው መርፌያቸውን ወጉ። ቁርስ ሲቀርብላቸው ግን "ዛሬማ ለክትፎው ነው ሆዴን የማስቀምጠው" ብለው በሳቅ መለሱት። ሁላችንም ሳቅን። ሰው ለክትፎ ሆዱን ቢያስቀምጥ ምን ያስደንቃል?

እርዱ ዘገየ። እንግዳ መጣ፣ ምርቃት ተባለ፣ እንደገና እንግዳ መጣ። ስድስት ሰዓት ገደማ ጋሼን ሳያቸው ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ደግሞ በሕይወቴ ሰምቼባቸው የማላውቀውን ቁጣ ተቆጡ። በእትዬ ላይ! እንግዳ ፊት! ቃላቸው ይያያዛል፣ ዓይናቸው ይዋልላል። ከዳር ቆሞ የነበረ አንድ ሰው "ማለዳውን ጀምረዋታል መሰለኝ" ሲል ሰማሁት። አረቄ ማለቱ ነው። ጋሼ እኮ ጠብታ አልቀመሱም! እትዬ አንገታቸውን ሲደፉ አየሁ። እናንተዬ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው በአገሩ ፊት እንደ ሰካራም ሲታይ ማየት ምን ያህል እንደሚያም!

አንድ የአጎቴ ልጅ "ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፣ ጣፋጭ ስጧቸው" አለ። ሌላው ዘመድ ደግሞ ጮኸበት። "አብደሃል? የስኳር በሽተኛ ጣፋጭ? ልትገድላቸው ነው?" ክርክር ተጀመረ። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባው ምሁር ገላጋይ መሆኔ ነው… "ስኳር አይሆንም፣ ከረሜላም ስኳር ነው፣ ቸኮሌት ግን ይሻላል፣ ልከኛ ነው" ብዬ ከኪሴ አንዱን አወጣሁና ቆርሼ አጎረስኳቸው። ምን አስቤ እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። ጥቁር ስለሆነ መድኃኒት መስሎኝ ይሆን?

አላመጡት። ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ… ምንም! እንዲያውም ባሰባቸው። ቁጣው ቀርቶ ዝም አሉ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ትከሻዬ ላይ ዘመም አሉ። በዚህ ጊዜ እትዬ ያንን ሁሉ ወንድ በክርናቸው ገፍተው መጡ። በእጃቸው ጣሳ ይዘዋል። ስኳር በውሃ በጥብጠው ነው። "እንዳይሰጡ!" የሚለውን ሰውዬ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። "ዋጥ ያድርጉ" እያሉ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧቸው። ደግነቱ ጋሼ ገና መዋጥ ይችሉ ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጋሼ ቀና ብለው "ሥጋው አልደረሰም?" አሉ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ነው ያለቀስኩት። አላፍርበትም።

ለማንኛውም ብለን ቆጮና አይብ ካበላናቸው በኋላ ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። ያየቻቸው ነርስ ጠና ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው "ምን ሰጣችኋቸው?" ብላ ነው። ቸኮሌት መስጠቴን ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና "ወንድሜ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ማር ፍለጋ ነው የሄድከው" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የዛሬው ጽሑፌ ግማሹ የሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የወጋ ሰው ካልበላ መድኃኒቱ ሥራውን ከመሥራት አይቦዝንም፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እያወረደ እያወረደ ይሄዳል። ከ70 በታች ሲወርድ ሰውነት መጮህ ይጀምራል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ፣ ከዚያ ግራ መጋባት፣ ቁጣ፣ የዓይን ብዥታ። አንጎል የሚበላው አጥቶ ነው እንግዲህ ሰውየው ሰካራም የሚመስለው። ካልተደረሰለት ራሱን ይስታል። ስኳርን ለማውረድ ከሚሰጡት እንክብሎችም እንደ ግሊበንክላማይድ ያሉት ይህንኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። ባዶ ሆድ ላይ መጠጥ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው።

በዚህ ሰዓት የሚፈለገው ስኳር ነው፤ ያውም ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ። ጥያቄው "ጣፋጭ ነው ወይ?" አይደለም፤ "ውስጡ ምን አለ?" ነው።

ከረሜላ ውስጥ ምን አለ? ጠጣሩን ከረሜላ ማለቴ ነው፣ ያንን ደስታ ከረሜላ እያልን ስንመጠው ያደግነውን ዓይነት። ስኳር ነው። ስኳርና ግሉኮስ ሽሮፕ በውሃ ተደርጎ 150 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይፈላል፤ ውሃው ከሞላ ጎደል ተንኖ ያልቃል፤ ቀለምና ሽታ፣ ጎምዘዝ እንዲል ደግሞ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበትና ይቀዘቅዛል። አለቀ። ግሉኮስ ሽሮፑ ብዙውን ጊዜ ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ነው። ሥራውም ስኳሩ ተመልሶ እንዳይሻክር መያዝ ነው። እናቶቻችን ስኳር ሲያቀልጡ ሎሚ ጠብ የሚያደርጉበት ዘዴም ለዚሁ ይጠቅማል። እንግዲህ ከረሜላ ማለት መልኩን የለወጠ ስኳር ነው። ስብ የለው፣ ወተት የለው፣ ቶሎ ይሟሟል፣ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል።

ቸኮሌትስ? ደህናውን የወተት ቸኮሌት ብንወስድ ከመቶ ግራሙ ሃምሳው ያህል ስኳር ነው። "ታዲያ ስኳር አለው አይደል!" ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ ግን ሠላሳ ግራም ያህል ደግሞ ስብ ነው። ስብ ጨጓራን "ቀስ በል" ይለዋል። ስኳሩ ስቡን ተሸክሞ እያዘገመ ነው የሚሄደው። ለሌላ ቀን ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ሰው ትከሻህ ላይ ዘመም ባለበት ደቂቃ ግን ጠላት ነው። ጋሼ አፍ ውስጥ ያስገባሁት እንግዲህ ይህንን ነው።

እና ወንድሜ የአታቱ ልጅ፣ "ስኳር የሌለው" ያልከው ቸኮሌት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በስኳሩ ምትክ ብዙ ጊዜ ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ ይገባበታል። የደም ስኳርን ከስኳር ባነሰ መጠን ያወጣል እንጂ ጭራሽ አያወጣም ማለት አይደለም፤ በብዛት ከተበላ ደግሞ ሆድ ያሮጣል። በመስቀል ማግስት አባትህን ጓሮ ስታመላልስ ይታይህ! ስቡ እንዳለ ነው፤ የሚያወፍረውም እንዳለ ነው። አባትህ ስኳሩ የወረደበት ቀን ደግሞ ያ ውድ ቸኮሌት ምንም አያደርግለትም። "ለስኳር በሽተኛ" ተብሎ የተገዛው ነገር ለስኳር በሽተኛው በጨነቀው ሰዓት ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት አይደል? ገንዘብህን ያዝ።

ያ ማለት ግን ቸኮሌት መርዝ ነው አላልኩም። አባትህ በልቶ ከጠገበ በኋላ ትንሽ ቁራጭ ቢቀምስ ሐኪሙ የሚለውን ጠይቆ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩትን የማካፍል የድሮ ከረሜላ ሻጭ ነኝ።

ነርሷ የነገረችኝን ደግሞ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ስኳሩ የወረደ፣ ግን የነቃና መዋጥ የሚችል ሰው ካጋጠማችሁ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ወይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይሁን። ለስላሳው "ዜሮ" የሚለው እንዳይሆን! እሱ ውስጥ ስኳር የለም። ከረሜላ ከሆነ ሦስት አራት ፍሬ ቆርጠም አድርጎ ይብላ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙት። ሲሻለው ደግሞ ቆጮም ይሁን እንጀራ፣ የሚቆይ ምግብ አብሉት፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ነገር እንዳታስገቡ! ትን ብሎት ይሞታል። ወደ ጎን አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም መብረር ነው። ደግሞ አባታችሁ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚውሉ ወይም ረመዳንን የሚይዙ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ስለ መድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

አሁን ወደ ወንድምህ ሚስትና ወደ እናትህ። ይህኛው እንኳ ነፍስ የሚያሳጣ አይደለም፤ ግን ሰው ያስቀይማል፤ ለበዓል የገባ ሰው ደግሞ ለማስደሰት እንጂ ለማስቀየም አይገባም። እዚህም ላይ መልሱ ያቺው ከጀርባ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ናት። አንድ ምስጢር ልንገርህ። የተጻፈው በቅደም ተከተል ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው መጀመሪያ ይጻፋል፣ እያነሰ ይሄዳል። ካካዎው አራተኛ አምስተኛ ላይ ከተገኘ፣ እሱ ቸኮሌት ሳይሆን ቸኮሌት የቀመሰ ስኳር ነው።

የወንድምህ ሚስት ጉዳይ ጄላቲን ነው። ያ ጎማ ጎማ የሚለው፣ ድብ ወይም ትል መስሎ የሚሠራው ለስላሳ ከረሜላ፣ ያ ጥጥ የመሰለው ማርሽሜሎም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው በጄላቲን ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ከብትም ይሆናል፤ አሳማም ይሆናል። ጥቅሉ ላይ "ሐላል" የሚል ምልክት ከሌለ ወይም "ፔክቲን" የሚል ካልሆነ አትግዛ። ፔክቲን ከፍራፍሬ ልጣጭ የሚወጣ ማርጊያ ነው፣ ማንንም አያስከፋ። ደግሞ "ኢ 120" የሚል ቁጥር ያለበት ቀይ ከረሜላ ካየህ፣ ቀለሙ ከነፍሳት ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለውን ስታውቅ ሱቁ ሁሉ ሌላ ሆኖ ይታይሃል!

እናትህ ደግሞ የወተቱ ነገር ነው። የወተት ቸኮሌት ሊቅ መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፒተር በ1875 እ.ኤ.አ. ወተት ከጨመረበት ወዲህ ዓለም የለመደው እሱን ነው። ተንኮለኛው ጥቁሩ ነው። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ጾም ነው ብለህ እንዳትሰጣት። አንዳንዱ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ የወተት ስብ ወይም ዌይ የሚባል የወተት ዱቄት ይገባበታል። በየብስኩቱና በየዋፈሩ መሀልም ይኸው ዌይ ተሸሽጎ ታገኘዋለህ። ሌሲቲን የሚለውን ስታይ ግን አትደንግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ነው፣ ሊጡን ቀጠን ያደርገዋል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ቫኒሊን የሚለውም ሽታ ነው። ጠጣር ከረሜላ ወተትና ቅቤ እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙውን ጊዜ ለጾመኛ ይሆናል። "ቶፊ" የሚሉትና የወተት ከረሜላው ግን አይሆንም።

ርካሹን ቸኮሌትም ላንሳልህ፣ ምክንያቱም ለሕፃናቱ ልትገዛ ትችላለህ። በየኪዮስኩ የሚሸጠው ብዙው የካካዎ ቅቤ የለውም ወይም በጣም ጥቂት ነው ያለው። በቦታው የዘንባባ ፍሬ ዘይት ወይም ሌላ የረጋ የአትክልት ስብ ነው የገባበት። የካካዎ ቅቤ ውድ ነዋ! ካካዎ ደግሞ እንደ ቡናችን የወይናደጋ ዛፍ አይደለም። ከምድር ወገብ ሳይርቅ ቆላና እርጥብ ሙቀት ይፈልጋል። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። በሌላ ስብ የተሠራው ቸኮሌት ቶሎ አይቀልጥም፣ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። አውቶቡስ ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኔው ውድ ቸኮሌት በተሻለ ይጓዛል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ካልከኝ እኔ የምመርጠው ሰሊጥ ወይም ለውዝ በስኳር የተያዘውን ነው። ሰሊጡ የሁመራ፣ ለውዙ የባቢሌ ይሁን፣ ባለቤቱ አያጣም። ሰሊጥ፣ ስኳር፣ አለቀ። ጾመኛዋም ትበላዋለች፣ የወንድምህም ሚስት ትበላዋለች፣ በመንገድም አይቀልጥም። ለውዝ የማይስማማው ሕፃን ካለ ግን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ለውዝ አንዳንዱን ሰው ጉሮሮውን ዘግቶ ይገድላል። ለአባትህ ደግሞ ይህም ሰሊጡ ስብ ያለው ነውና ለጭንቅ ቀን አይሆንም።

ለአባትህ የምትወስደውን ልንገርህ። አንድ ትንሽ ፓኮ ተራ ጠጣር ከረሜላ። ከሁሉም የረከሰችውን! ስትሰጠው ግን ዝም ብለህ እንዳትሰጠው። ቁጭ በል፣ እናትህንም ወንድምህንም ጎረቤቱንም ጥራ፤ መቼ እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚበላ፣ የላቡንና የቁጣውን ነገር ሁሉ ንገራቸው። ያኔ "ለስኳር በሽተኛ ጣፋጭ አመጣ" ብሎ የሚያማህ አይኖርም፤ ቢኖርም ያንን ቀን ያመሰግንሃል። የተረፈህን ገንዘብ ደግሞ የስኳር መለኪያ መሣሪያና መመርመሪያ ወረቀቱን ግዛበት። ከዚያ ሱፐርማርኬት ቸኮሌት የበለጠ ስጦታ እሱ ነው። ስኳርና ቡናውንም አትተው፤ ወንጂ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ልጅ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ እናቱ ጋ ገብቷል! ስኳሩ ለቤቱ ነው፤ በጭንቅ ቀን ደግሞ ጣሳዋ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

እርዱ ከዘገየ አባትህ ቁርሱን ሳይበላ "ለክትፎው ነው ሆዴን የማስቀምጠው" ሊል ይችላል። አትሳቅ።

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ሁልጊዜ ሰባት ከረሜላ አለ። የጀፎረው ሕፃናት ይህን ደርሰውበታል፤ ጋሼ ሸንጎ ላይ ሲያሸልቡ እየሾለኩ ይመዘብሯቸዋል። እትዬ ማታ ማታ ኪሱን ይቆጥራሉ። ባለፈው ሰሞን ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። ጤናዬን ጠየቁኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ሚስት እንዳላገባሁ አስታወሱኝ። ልንዘጋ ስንል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ስማ፣ ሁለት ነው የቀረኝ። ለመስቀል ስትመጣ ፓኮ አድርገህ አምጣ" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "ያንን ጥቁሩን ግን እዚያው ተወው።"